ሁለት ጠረጴዛ የሞላ ፎገራ

መንግሥት ያላመጣውን ባቡር ወደ ፎገራ ያመጣው ወንድሜ ነው። ያመጣውም እዚሁ ወረታ፣ ከጎንደር መንገድ ዳር በሠራት ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ፣ በሁለት የተገጣጠሙ ጠረጴዛዎች ላይ ነው። ባቡሩ ከአፍንጫው እስከ ጭራው አንድ ክንድ ከስንዝር ቢሆን ነው። ጭነቱ ነፋስ ነው፤ መንገደኞቹ ላስቲክ ናቸው፤ ዞሮ ዞሮ የሚደርሰውም ከተነሣበት ቦታ ነው። ሰባ ስምንት ዓመት በዚህ ምድር ስኖር ብዙ ከንቱ ነገር አይቻለሁ፤ እያጓራና እያበራ ወደ ምንም የማይሄድ ከንቱ ነገር ግን ከዚያ በፊት አላየሁም ነበር።

ወንድሜ በዐሥር ዓመት ያንሰኛል። እኔ በዐሥራ አምስት ዓመቴ አኮፋዳዬን አንግቼ ለቅኔ ትምህርት ወደ ጎጃም ስሻገር እሱ ገና ፊደል ያልለየ ሕፃን ነበር። ዐሥራ አራት ዓመት ከደብር ደብር ስዞር ቆይቼ ስመለስ ቄሱ አባታችን ዐርፈው ቆዩኝ፤ እሱም በዐሥራ ሦስት ዓመቱ ከቤት ጠፍቶ ድሬዳዋ ገብቶ ነበር። እኔ ቅኔ ሳስተምርና ብራና ስጽፍ ኖርሁ። እሱ ባቡር ሲጠግን ኖረ። አርባ ዓመት በጥቁር ዘይት ተነክሮ፣ ጡረታ ወጥቶ፣ ሚስቱን እዚያው ቀብሮ ወደ አገሩ ሲመለስ ከጅቡቲ የገዛትን መጫወቻ በካርቶን ታቅፎ መጣ። ሰው ከሩቅ አገር ሲመለስ ለደብሩ መጋረጃ ይዞ ይመጣል፤ ቢያጣ ቢያጣ ዕጣን ይዞ ይመጣል። የእኛው ሰው ሐዲድ ይዞ መጣ።

ያለፈው ዓመት ፋሲካ ካለፈ በኋላ አስጠራኝ። ባሕር ዳር ያለው ሐኪም በዓይኑ ውስጥ ያለው ግፊት ብርሃኑን እየበላው መሆኑን፣ የጠፋው እንደማይመለስ፣ ጠብታው የቀረውን ጥቂት ጊዜ ቢያቆይለት እንደሆነ ነግሮታል። ይህን ሲነግረኝ የሌላ ሰው ዕቃ ዋጋ እንደሚናገር ነጋዴ ነበር የተናገረው፣ ያለ ምሬት።

"የኔታ፣" አለኝ፤ ከተማው ሁሉ እንዲህ ስለሚጠራኝ እሱም ወንድሜ ማለቱን ከተወ ቆይቷል። "ሳይጨልምብኝ አንድ ነገር ጨርሼ ማየት እፈልጋለሁ።"

"ንስሓህን ነው?"

"እሱም አይቀርም። አሁን ግን የጠፋሁባትን ቀን ነው።"

ከዚያም ለማንም ያልነገረውን ነገረኝ። የጠፋው በፍልሰታ ጾም፣ የቅዳሴው ሰዓት ደርሶ ሕዝቡ በቅጽሩ ውስጥ ተሰብስቦ ሳለ ነው። አባታችን ኅብስቱ ከሚዘጋጅባት ቤተልሔም መሶበ ወርቁን ተሸክመው ወጡ፤ ከፊታቸው ዲያቆኑ ቃጭሉን ያሰማ ነበር። ቃጭሉ ሲሰማ ሕዝቡ ሁሉ በግንባሩ ይደፋል፤ መሥዋዕቱ እስኪያልፍ ድረስም ቀና የሚል የለም፤ ሊኖርም አይገባም። ወንድሜ ግን አልተደፋም። ቆሞ አባታችንን አየ። የሁሉም ፊት መሬት ላይ ስለ ነበረ በደጀ ሰላሙ ሲወጣ አንድም ሰው አላየውም። ውሃ እየሰነጠቀ መኪና መንገድ ደርሶ፣ እህል የጫነ መኪና ላይ ተንጠልጥሎ ሄደ። አባታችንን ዳግመኛ አላያቸውም።

"ያንን ነው የምሠራው፤" አለ። "ሜዳውን፣ ውሃውን፣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ ሕዝቡን፣ አባባን። ትንንሽ አድርጌ። እርስዎ እየመጡ ጉድለቱን ካላረሙልኝ ግን ከንቱ ነው።"

"ባርምልህም ከንቱ ነው። ለመሆኑ ያን ጊዜ ባቡር የት ነበር?"

"ባቡሩማ በኋላ የኖርሁት ዕድሜዬ ነው፤ እሱን የት ላድርገው?"

ዕቃ ሲጠግን የኖረ ሰው ኃጢአቱንም በብሎን ሊያስር ይፈልጋል አልሁ በልቤ። የዓይኑ ነገር ግን ከብዶኝ ነበርና ልመለከትለት ተስማማሁ።

በመጀመሪያ ያየሁት ተራራ ነው። በጠረጴዛው ራስጌ የተቦካ ወረቀት ቆልሎ፣ ቡናማ ቀብቶ፣ ከሥሩ ዋሻ ፈልፍሎለታል።

"ይኸ ምንድን ነው?"

"ተራራ ነው፤ ባቡሩ በዋሻው ገብቶ በዚያ ይወጣል።"

"ፎገራ ላይ? ውሃ እንኳ የሚወርድበት አጥቶ በሚተኛበት ሜዳ?"

"የኔታ፣ ባቡር አንድ መሰወሪያ ይፈልጋል እኮ። ሁልጊዜ ከታየ አያምርም።"

"እንግዲያው ደብረ ታቦር ሂድና ዘርጋው። እዚህ የሚሰወር ነገር የለም፤ አንድ ሰው ሐሙሲት ላይ ቢያስነጥስ እዚህ ይማርህ ይባላል።"

ሳቀ። በሚቀጥለው ሳምንት ስመጣ ተራራው ጠፍቷል።

ቀጥሎ ላሞቹ መጡ። ከባቡሩ ጋራ የገዛቸው የፈረንጅ ላሞች ናቸው፤ ቀይ፣ ጀርባቸው እንደ አግዳሚ ወንበር የተስተካከለ፣ ሻኛ የሌላቸው። የፎገራን ላም የሚያውቅ ሰው፣ ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉሯን፣ ቀንዷ አጭሯን፣ ሻኛዋ ከትከሻዋ ላይ እንደ ጎታ ክዳን የተቀመጠውን፣ እነዚያን ላሞች ሲያይ የሚሰማው ኀፍረት ነው። ነገርሁት። ቀለም ቀባቸው፤ በየጀርባቸውም ሻኛ አበጀላቸው። ሻኛው እውነትም ሻኛ መሰለ። ከምን እንደ ሠራው ስጠይቀው ከጧፍ ሰም መሆኑን ነገረኝ።

"ጧፍ? ከደጀ ሰላም የተሸጠ ጧፍ ለላም ሻኛ?"

"ገና ያልበራ ነው፣ የኔታ።"

"ላሞችህ ብርሃን አይጎድልባቸውም ማለት ነው። አንተን ነው የጎደለህ።"

ይህ ቃል ከአፌ ከወጣ በኋላ ስለ ዓይኑ የተናገርሁ መስሎ ተሰማኝ፤ ነገር ግን አልመለስሁትም። እሱም ማጉያ መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ ሌላ ሻኛ ማድቦልቦሉን ቀጠለ።

ሩዙም እንዲሁ ነው። ዛሬ ከወረታ ወጥቶ ወደ ሐይቁ የሚያይ ሰው ከሩዝ በቀር የሚያየው ጥቂት ነው። ወንድሜም ያየውን ነው የሠራው፤ ስፖንጅ ፈጭቶ አረንጓዴ ነክሮ፣ በትንንሽ ድንበር እየከፋፈለ፣ ውሃውን በቨርኒሽ እያስመሰለ፣ የጠረጴዛውን እኩሌታ ሩዝ አለበሰው። አንድ ወር ፈጅቶበታል። ጎረቤቶቹ ይመጡና ይደነቃሉ። አንድ ወጣት መምህር በስልኩ እየቀረጸ "አባ፣ ይኸ እኮ ለቱሪስት ነው!" ይላል። እውነተኛው ሩዝ ከቤቱ ጀርባ ሞልቶ ሳለ ቆሞ ያላየው ሰው፣ ስፖንጅ ሲሆን ጊዜ በስልክ ያነሣዋል። ለእንዲህ ዓይነቱ አድናቆት ያለኝ ንቀት እስከ ዛሬ አልቀነሰም።

"አንተ ስትጠፋ ሩዝ የሚባል ነገር በዚህ ሜዳ ነበር?" አልሁት ሰዎቹ ከወጡ በኋላ።

"አልነበረም፤" አለ።

"ሣር ነበር፤ ከብት ነበር፤ ጓያና ሽምብራ ውሃው ሲሸሽ ይዘራ ነበር። ያለ ዘመኑ የገባ ባቡር አንድ ነው፤ ያለ ዘመኑ የገባ ሩዝ ሁለተኛ ነው። ሐሰትህን ቀንስ።"

ሩዙን በቢላዋ ፋቀው። ከሥሩ እውነተኛ የፎገራ ዋልካ አፈር ነፍቶ በኮላ አጣብቆ ነበርና፣ ሲደርቅ ልክ እንደ በጋው መሬት ተሰነጣጠቀ። በዚህ እጅግ ተደስቶ አሳየኝ። "ይኸን እኔ አልሠራሁትም፤ አፈሩ ራሱ ያውቃል!" አለ እንደ ልጅ። እኔ ግን ፍልሰታ በነሐሴ እንደሚጾም፣ በነሐሴ የሚሰነጠቅ ዋልካ ደግሞ በፎገራ ቀርቶ በጨው በረሃ እንደማይገኝ አስታወስሁት። ስንጥቁን ሁሉ ደፈነ፤ በላዩም ቨርኒሹን እየደራረበ ውሃ አስተኛበት።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው እኔ ትክክል እንደ ነበርሁ ለማሳየት ነው። ተራራው ሐሰት ነበር፤ ላሞቹም፣ ሩዙም፣ ስንጥቁም። አራት ጊዜ ተናግሬ አራት ጊዜ ረታሁ። መርታት ለምዶብኝ ነው ወደ አምስተኛው የሄድሁት።

ሰኔ ሲጋመስ ቤተ ክርስቲያኑን ሠርቶ ጨረሰ። ባልወደውም ሥራው ያማረ እንደ ነበር አልክድም። ክብ ነው፤ ክዳኑን ሣር ለማስመሰል የተበጠሰ ቃጫ አልብሶታል፤ ዙሪያውን ዛፍ፣ ከዛፉ ውጭ የድንጋይ ቅጽር አድርጎለታል። የቅጽሩን ድንጋይ አንድ በአንድ በወረንጦ ነው የደረደረው። ሐዲዱ ከቅጽሩ በስተ ምሥራቅ ታጥፎ ያልፋል፤ ከሐዲዱም ሥር ጠጠር፣ እሱንም በወረንጦ። ለዚያች አንዲት እጥፋት ብቻ ከግንቦት ጀምሮ ተጎንብሶባታል። ቀኝ ዓይኑ በዚያ ጊዜ በጭላንጭል ነበር የሚያይ፤ እጁ ግን አይስትም ነበር።

ቤተልሔሟን ግን ከቤተ ክርስቲያኑ በስተ ሰሜን፣ በአንዲት ጉብታ ላይ አስቀምጧታል።

"ይኸች ምንድን ናት?"

"ቤተልሔም።"

"በሰሜን?"

አንገቱን ዘንበል አድርጎ ወደ ጠረጴዛው አየ። "በሰሜን አይደለችም እንዴ?"

"ቤተልሔም በምሥራቅ ነው የምትሠራው። ይህን አንድ የፊደል ተማሪ ያውቀዋል። ይህን ሳታውቅ ነው አባትህን ከዚያ ልታወጣ የተነሣህ?"

"ምሥራቁ ውሃ አይደለም ነበር?" አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

"ውሃ ሥርዓት አይለውጥም።"

እኔ ቀጠልሁ፤ መቀጠልም ያስደስተኝ ነበር። ቤተልሔሟ ወደ ምሥራቅ ትሂድ ቢባል ሐዲዱ በእሷና በቤተ ክርስቲያኑ መካከል ሊያልፍ መሆኑን አየሁ፤ ያንንም እንደ አዲስ ጥፋት ቆጠርሁበት።

"እንግዲህ ካህኑ መሥዋዕቱን ተሸክሞ ባቡር እስኪያልፍ ሊቆም ነው? ወይስ ዲያቆኑ ቃጭሉን ትቶ ባንዲራ ሊያውለበልብ?"

"ባቡሩን አቆመዋለሁ፣ የኔታ። ድሬዳዋ ለግመል እናቆም ነበር።"

"ለግመል! ነቅለህ ጣለው።"

"ሐዲዱን?"

"ሐዲዱን።"

በዐሥራ ሦስት ዓመቱ ለአባታችን ያልታዘዘ ሰው በስድሳ ስምንት ዓመቱ ለእኔ ታዘዘ። በኮላ የተጣበቀ ጠጠር በቀስታ አይነቀልም፤ በመዶሻና በቢላዋ ሰባበረው። አግዳሚ እንጨቶቹ አብረው ተሰበሩ፤ እነሱንም ከክብሪት እንጨት እንደገና ጠረባቸው። ሐምሌን ሙሉ፣ ነሐሴን ሙሉ አዲሱን እጥፋት ወደ ደቡብ ሲያዞር፣ ቤተልሔሟንም በምሥራቅ ሲተክል ከረመ። የፍልሰታ ጾም ገባ፣ ወጣ፤ ሥራው አላለቀም። በመስከረም መጀመሪያ ሳምንት ቀኝ ዓይኑ ፈጽሞ ጨለመ። የግራው ደግሞ፣ እሱ እንደሚለው፣ በመርፌ ቀዳዳ እንደ ማየት ሆነ፤ ፊት ለፊቱ ያለውን ያያል፤ ዙሪያው ግን የለም።

በዚያም ጊዜ ቢሆን ሳየው ንቀቴ እንጂ ኀዘኔ አልቀደመኝም። የቀረውን ብርሃን በመዝሙረ ዳዊት ላይ ቢያደርገው ምን ነበር አልሁ። አልሁትም።

"ዳዊቱንማ በቃሌ አውቀዋለሁ፤" አለኝ። "አባባን ነው በቃሌ የማላውቃቸው።"

በኅዳር፣ አዝመራው ሲሰበሰብ፣ የአክስታችን ልጅ ለገበያ ወረታ ወጣች። እሷ ከገበያ በቀር ከተወለደችበት መንደር ወጥታ የማታውቅ፣ ምላሷ እንደ ማጭዷ የተሳለ ሴት ናት። ለእኔ ክብር ትሰጣለች፤ ለወንድሜ አትሰጥም፤ አብረው ነውና ያደጉ። ግማሽ ቁና ሩዝ ልታደርስለት ገብታ እኔንም እዚያው አገኘችኝ። እጄን ስማ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ በጠረጴዛው ዙሪያ ዞረች።

"ውይ! ላም እስከ ሻኛዋ!" አለች። "ትታለባለች እንዴ?"

"ለአንቺ አትታለብም፤" አለ ወንድሜ።

"ይኸ ሁሉ ውሃ ምንድን ነው፤ ክረምት ነው?"

"ነሐሴ ነው። ፍልሰታ።"

"እንግዲያ ከብቱ በነሐሴ እዚህ ምን ይሠራል? ደጋ አልወጣም? እግሩ ሊበሰብስ ነው?" አለችና ጎንበስ ብላ አፍጥጣ አየች። ከዚያም ሳቀች። "ቤተልሔሙን ደግሞ ባሕር ውስጥ ማን ከተተው?"

የመለስሁላት እኔ ነኝ። "ቤተልሔም በምሥራቅ ነው፣ እኅቴ።"

"እሱማ ነው፣ የኔታ። ግን ያን ጊዜ በሰሜን ነበር እኮ፤ ከጉብታው ላይ። እርስዎ ጎጃም ሳሉ።"

"ማን ነገረሽ?"

"ማን ይነግረኛል? የኅብስቱን ስንዴ ለቅሜ ለቅሜ ያደረስሁ እኔ። እርስዎ በሄዱ በዓመቱ ይሁን በሁለት ዓመቱ፣ ምሥራቁን ውሃ ገባበትና ግድግዳው ተናደ። አባትዎ በሰሜን ካለው ጉብታ ላይ በጭቃና በሣር አሠሯት። ወደ ምሥራቅ የተመለሰችው ቤተ ክርስቲያኑ ቆርቆሮ ሲለብስ ነው፤ አባትዎ ካረፉ ወዲያ።"

"አባቴ ሥርዓቱን ያውቃሉ።"

"ያውቃሉ እንጂ። እሳቸው ባያውቁ ማን ያውቃል? ግን ምን ያድርጉ፣ ውሃው አያውቅ!"

ከአፏ እንደ ወጣ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች፤ ይቅር ይበሉኝ የማለት ያህል ነው። እኔ ግን እሷን እያየሁ አልነበረም። ወንድሜን ነበር የማየው። እሱ ደግሞ በዚያች በመርፌ ቀዳዳው ቤተልሔሟን እየፈለገ ነበር።

"ታውቅ ነበር?" አልሁት።

"አውቅ ነበር።"

"ምነው ታዲያ?"

"ውሃ አይደለም ነበር ወይ ብዬ ጠይቄዎታለሁ።"

"መጠየቅ መናገር አይደለም።"

"ለእርስዎ ከዚህ በላይ እንዴት ይናገሩታል፣ የኔታ?" አለ። ቁጣ የለበትም፤ ስለ አንድ መሣሪያ ጠባይ እንደሚያስረዳ ነው የተናገረው። "በኋላም ተጠራጠርሁ። የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ያየው ነው፤ እርስዎ መጽሐፍ ያዩ ነዎት። ምናልባት በሰሜን ያየሁት ተምታቶብኝ ይሆናል አልሁ።"

የአክስታችን ልጅ ሩዟን አስረክባ ወጣች። ስትወጣ በሩ ላይ ቆማ፣ "እኔ ምን ሆኜ ነው ይችን አፌን ገበያ ይዤ የምወጣ!" ስትል ሰማሁ።

ያን ቀን ወደ ቤቴ ስመለስ ያሰብሁትን ሳልሸሽግ ልጻፍ። ስለ ቤተልሔሟ አላዘንሁም። ያሳዘነኝ አባቴ ሕይወታቸው እስኪያልፍ የቀደሱበት ቅጽር እኔ የማላውቀው ቅጽር መሆኑ ነው። እኔ የማውቀው ከመሄዴ በፊት የነበረውንና ከተመለስሁ በኋላ ያገኘሁትን ነው፤ ሁለቱም ምሥራቁ ላይ ስለ ተስማሙ መካከሉንም እነሱ ይሙሉት አልሁ። ብራና ላይ እንዲህ ያደረገ ጸሓፊ፣ የጎደለውን ቅጠል ሳያይ ከፊቱና ከኋላው ገምቶ የሞላ ጸሓፊ፣ ከእጄ ብርዕ ይነጠቅ ነበር። ለዚያ ዓይነቱ ጸሓፊ ዕድሜ ልኬን የነበረኝን ንቀት ደቀ መዛሙርቴ ያውቁታል።

በማግሥቱ ሄጄ ወረንጦውን ስጠኝ አልሁት።

"ምን ሊያደርጉበት?"

"ልቧጥጥህ ነዋ! ወረንጦ ምን ይደረግበታል?"

የእኔ እጅ ብራና ሲጽፍ የኖረ እጅ ነው፤ ሲያረጅም አልተንቀጠቀጠም፤ ለዚህ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ። ዓይኔም በመነጽር ይሠራል። ቤተልሔሟን ከውሃው ነቀልኋት፤ በሰሜን ጉብታውን መለስሁ፤ በጭቃና በሣር እሱ እንደ ነገረኝ አድርጌ ሠራኋት። ላሞቹን ወደ ጠረጴዛው ጠርዝ፣ ወደ ደጋው፣ አወጣኋቸው። ሐዲዱን ወደ ምሥራቅ እንመልሰው ብለው እምቢ አለ። ጊዜ አይበቃንም አለ፤ ልክም ነበር።

በደቡቡ እጥፋት የቀረውን ጠጠር የደረደርሁትም እኔ ነኝ፤ የጠጠር መደርደር ሥራ የሞኝ ሥራ ነው። አንዱን ስታነሣ ሌላው ይጣበቅብሃል፤ ኮላው ጢምህን ይይዛል፤ ስታስነጥስ የአንድ ቀን ድካም ይበተናል። ለዚህ ሥራ ያለኝን አስተያየት በየቀኑ እነግረው ነበር።

"የኔታ፣ ቅኔ ሲያርሙ ተማሪዎችዎን እንዲህ ነበር የሚሳደቡ?"

"ተማሪዎቼ ጠጠር አያስቆጥሩኝም ነበር።"

"ጠማማ አስቀመጡት፤" ይላል በጣቱ ጫፍ እየዳሰሰ።

"በየት አየኸው?"

"ዳሰስሁት። ነቅለው ይጣሉት።"

ነቅዬ ጣልሁት።

ሕዝቡን ከሽቦና ከሊጥ ሠራናቸው። የተደፉ ሰዎች ናቸውና ፊት አያስፈልጋቸውም፤ ነጭ ጀርባ ብቻ ይበቃቸዋል። አባታችንን እሱ ራሱ ሠራቸው፤ በገና ጾም ሙሉ እሳቸውን ሲያፍተለትል ከርሞ ቁመታቸው ከአውራ ጣት ጥፍር አይበልጥም። መሶበ ወርቁን በቀይ ክር ሸፈነላቸው። ከላያቸው የሚዘረጋውን ጥላ ከከረሜላ ወረቀት አበጀው፤ የሚይዘውንም ልጅ እግር ዲያቆን ከኋላቸው አቆመ። ባለ ቃጭሉን ከፊት አደረገው። በጥር ወር አንድ ቀን ከቀትር በኋላ፣ ፀሐይ በመስኮቱ በኩል ጠረጴዛው ላይ በወደቀችበት ሰዓት፣ የቀረው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ያ የቆመው ልጅ።

"እሱን እኔ አስቀምጠዋለሁ፤" አለ።

በወረንጦ ይዞት እጁን ዘረጋ። በዚያች የዓይኑ ቀዳዳ ደጀ ሰላሙን ሲያገኝ እጁ ይጠፋዋል፤ እጁን ሲያገኝ ደጀ ሰላሙ ይጠፋዋል። ሁለት የተደፉ ሴቶች ገለበጠ። ሦስተኛ ሊገለብጥ ሲል አንጓውን ይዤ ቦታው ላይ አደረስሁት። ልጁ ቆመ። በተደፋ ሕዝብ መካከል ቀና ብሎ የቆመ አንድ ልጅ ማየት ዛሬም ያስቆጣኛል፤ አልደብቅም። ቃጭል እየተሰማ አይቆምም።

ወንድሜ በርጩማ ላይ ተቀመጠ፤ አገጩን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አስደግፎ ግራ ዓይኑን ከልጁ ጀርባ ትክክል አደረገ። እንዲህ ረጅም ጊዜ ቆየ። ማብሪያውን እኔ ተጫንሁለትና ያ ከንቱ ባቡር እያጓራ ዞረ፤ እሱ ግን አላየውም። እኔም አላየሁትም።

"አባታችን ታዩህ?" አልሁት።

"ታዩኝ።" ቆይቶ ደግሞ፣ "ልክ ናቸው?" አለኝ።

ዕድሜ ልኬን ልክ ነው ወይስ ስሕተት ነው ተብዬ ተጠይቄ መልስ ያጣሁበት ጊዜ ጥቂት ነው።

"አላውቅም፤" አልሁት። "እዚያ አልነበርሁም። የቀረ ነገር ካለ ንገረኝ።"

ዓይኑን ከቦታው ሳያነሣ አሰበ።

"ጥላው፤" አለ በመጨረሻ። "ጥላው በግራ በኩል የተቀደደ ነበር። ዝናብ ነበረ። አባባ ግራ ትከሻቸው ርሶ ነበር፤ መሶበ ወርቁን ወደ ቀኝ አዘንብለው ነበር የያዙት፣ እንዳይነካው።"

ይህን አላውቅም ነበር። መሶበ ወርቁን በሁለት ጣቴ ይዤ ጥቂት ወደ ቀኝ አዘነበልሁት። የቨርኒሹን ብሩሽ አንሥቼ የአባቴን ግራ ትከሻ አረጠብሁት። ከዚያም ወረንጦውን ይዤ፣ ጥላውን በግራ በኩል ቀደድሁት።